ቁልቁልና አግድም

አሰብ፣ 1961 ዓ.ም.

ሚያዝያ 13

«አሰብ የሚላክ አስተማሪ ወይ የሰረቀ ነው ወይ አለቃ የሰደበ» ሲል ሰማሁት አባተን። አባተ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው፤ የሚያወራውም ከውሃ ቦጤው ሾፌር ጋር ነበር። ከእኛ ሁሉ ቀድሞ እዚህ ስለኖረ ነገሩን አልተጠራጠርኩም። ባልደረቦቼን በሐሳቤ አሰለፍኳቸው። ዘጠኝ ነን። አለቃ መስደባቸውን ያመኑ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ እቴናት ናት፣ እሷም ያመነችው በኩራት ነው። የሰረቀ እስካሁን ራሱን አልገለጸም። እኔ በሕይወቴ አለቃ ሰድቤ አላውቅም። ስለዚህ በአባተ አመዳደብ የቀረችኝ አንዲት ዓምድ ናት።

ሚያዝያ 16

ከፋሲካ ወዲህ ነፋሱ ተነሥቷል። ጠዋት ጥርሴን ፋቅሁ ብዬ አሸዋ ፋቅሁ።

ዲሬክተራችን አቶ ተክለጻድቅ ሰብስበውን ከበላይ የመጣ ደብዳቤ አነበቡ። ትምህርት ሲዘጋ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ወደ ደሴ ይዛወራል፤ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ ደባይሲማ ወርዶ አዲስ ትምህርት ቤት ይከፍታል። በእኛ ቦታ ሌሎች ይመጣሉ፤ ማንን እንደሰደቡ ገና አልታወቀም።

ደሴ ዝናብ አለ። ደባይሲማ ከአሰብም ይብሳል አሉ። ይህን ስሰማ ከአሰብ የሚብስ ለመፍጠር የበቃ ፈጣሪ ምን ይሳነዋል ብዬ ተደነቅሁ።

የሒሳብ አስተማሪዎች ሁለት ነን፤ እቴናትና እኔ። ሦስት ነበርን። ወልዴ በጥር ለሕክምና ወደ ደጋ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ክፍሎቹን እንድንካፈል ተጠይቀን ነበር፤ እኔ ያን ሳምንት ወገቤን አሞኝ ነበር። እቴናት ጠቅላላውን ወሰደችው። ሥራ ትወዳለች።

አቶ ተክለጻድቅ የሚመርጡት በስምንተኛ ክፍል የሙከራ ፈተና ውጤት ነው። «ብልጫ ያሳየ ደሴ፣ ብርታት የሚያስፈልገው ደባይሲማ» አሉ። ደባይሲማ ብርታት ይሰጣል ማለታቸው ይመስለኛል።

ለደሴ የተለየ ጉጉት የለኝም። ካፖርቴን ከሣጥን ያወጣሁት ብል በልቶት እንደሆነ ለማየት ነው።

ሚያዝያ 18

እቴናትና እኔ የመንግሥት ቤት ውስጥ የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። የሚለየን አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ጥፍር ብትቆርጥ ይሰማኛል። አምስት ዓመት የሞላት ታደለች የምትባል ልጅ አለቻት። ልጅቷ ታስላለች። ሁልጊዜ የምታስለው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ሳንባዋ ይሄን ሙቀትና አሸዋ አይችልም፤ ደጋ አውጫት» ብሏታል። ይህን የማውቀው ጆሮዬን ለጥፌ አይደለም። ግድግዳው ራሱ ይናገራል።

ከእሷ ጋር አንፋቀርም። ባለፈው ዓመት በተማሪዎች ፊት «አቶ ክንፈ፣ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ሦስት ቁጥር ስምንት አድርገዋታል» አለችኝ። ስምንት አድርጌያት ነበር። ይህን መናገር ግን የግድ አልነበረም።

ሚያዝያ 27

የሙከራው ፈተና ታረመ። አቶ ተክለጻድቅ ጠርተው «ጽሕፈትዎ ያምራል፤ በትልቅ ወረቀት ሠንጠረዥ ይሥሩልኝ» አሉኝ። በረድፍ እቴናትና እኔ፣ በዓምድ ያለፈና የወደቀ። የወደቁት ሠላሳ ስድስት ናቸው፤ ሃያ አራቱ የእቴናት፣ አሥራ ሁለቱ የእኔ።

«ከመቶም ይግባበት» አሉ።

ቁልቁል ይሁን ወይስ አግድም ብዬ ጠየቅኋቸው። ቁልቁል ሲካፈል ከወደቁት ውስጥ የማን ስንት እንደሆነ ይናገራል። አግድም ሲካፈል እያንዳንዳችን ካስተማርነው ስንቱ እንደወደቀ ይናገራል።

«መቶ መቶ ነው አቶ ክንፈ» አሉ፤ ቀጥለውም ቁልቁል አዘዙኝ።

ቁልቁል አካፈልኩ። እቴናት 67፣ እኔ 33። ስጽፍ ከአገጬ ላብ ጠብ ብሎ በእኔ ረድፍ «ያለፈ» የሚለው ላይ አረፈ፤ ቀለሙም ፈሰሰ። የአሰብ ሙቀት ቁጥር አይመርጥም። ጥያቄው ስለወደቁት ስለሆነ እንደገና መጻፍ አላስፈለገም።

ግንቦት 2

ሠንጠረዡ በአስተማሪዎች ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የጂኦግራፊው አስተማሪ ቆሞ አነበበና «ከመቶ ስድሳ ሰባት ተማሪ ትጥላለች እንዴ?» አለ። እንደዚያ አይደለም የሚነበበው። አፌን ልከፍት ስል ደወል ተደወለ።

ሌሎቹም ሁሉ እንደዚያው ነው የሚያነቡት። ደወሉም በሰዓቱ ይደወላል።

ግንቦት 5

ሳኒ ሱቅ ሄድኩ። ሳኒ ከወሎ ወርዶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ዳቦ፣ በረዶ፣ ተምርና ወሬ ይሸጣል። ዛሬ ግን ፊቱ ጠቁሯል።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር! ጉድ ሆኛለሁ። ሰፈሩ በሙሉ በሳኒ ተምር ታመምን እያለ ነው! ሆዳቸውን ካመማቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ያንተን ተምር የበሉ ናቸው አሉኝ። ሱቄን ሊያዘጉ ነው!»

አዘንኩለት። ተምር ከእሱ በቀር የሚሸጥ የለም። «ሳኒ» አልኩት፣ «ከታመሙት ስንቱ በላ ተብሎ አይጠየቅም። ከበሉት ስንቱ ታመመ፣ ካልበሉትስ ስንቱ ታመመ ነው የሚባለው። አሰብ ውስጥ ተምርህን ያልበላ ማን አለ? ጤነኛውም በልቷል። ታማሚውን ብቻ ሰብስበው ቢጠይቁማ ከአሥሩ አሥሩ ባሕር አይተዋል። ባሕሩን ያዝጉታ!»

በሠረዝ ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሠርቼ አሳየሁት፤ የበላ፣ ያልበላ፣ የታመመ፣ ያልታመመ። ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። እንዲህ ግልጽ አድርጌ ያስተማርኩበትን ቀን አላስታውስም። ሳኒ ከደስታው ብዛት ሎሚ የገባበት ሻይ በበረዶ አቀረበልኝ፤ የመጣውን ገበያተኛ ሁሉ እየያዘ ወረቀቱን ያሳይ ጀመር።

ኋላ ግን ዞረና «እንግዲያ የእትዬ እቴናትስ ነገር እንዲሁ አይደለም እንዴ? የወደቀው አብዛኛው የእሷ ነው ይባላል» አለኝ።

«ያ ሌላ ነው።»

«በምን?»

«ያ የትምህርት ነው።»

«አይ እንግዲህ! ለመሆኑ አንተ ክፍል ስንት ልጅ አለ?»

ሳሙና አለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ክንዴን ያስደገፍኩት በሳሙና ካርቶን ላይ ነበር።

ግንቦት 8

ነፋስ። የማስተምረው ክፍል ሐ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። ገብቷችኋል? አልኳቸው። «አዎን!» አሉ በአንድ ድምፅ። ሁልጊዜ እንዲህ ይላሉ። እንግዲህ አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ግንቦት 9

እቴናት በሩ ላይ ተጋፍታኝ አለፈች። ጤና ይስጥልኝ የለም።

ሳል።

ግንቦት 14

ስብሰባው ዛሬ ነበር። ሁሉንም እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሊያወራ ይችላል።

አቶ ተክለጻድቅ የሰሌዳውን በትር ይዘው ከሠንጠረዡ ፊት ቆሙ። «ቁጥር አይዋሽም» አሉ። «ከወደቁት ከመቶ ስድሳ ሰባቱ የወይዘሮ እቴናት ተማሪዎች ናቸው። ከዚህ በኋላ ምን ይወራል?»

እቴናት አልተነሣችም። ተቀምጣ ነው የመለሰችው። «ካለፉትስ?»

«ምን ካለፉት?»

«ካለፉት የእኔ ስንት ናቸው?»

«ያለፈን ማን ይቆጥራል? ያለፈ አለፈ።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ካለፉትም ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ የእኔ ናቸው! በእርስዎ አነባበብ የወደቀውንም እኔ ጣልኩ፣ ያለፈውንም እኔ አሳለፍኩ። ለምን እንደዚያ ሆነ? አብዛኛውን ልጅ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ! ሰማንያ ልጅ ነው ያለኝ ጌታው፤ የወልዴም ጭምር። ከሰማንያው ሃያ አራት ወደቀ። ከመቶ ሠላሳ ማለት ነው። ይህ ቁጥር አግድም ይካፈል!»

ጂኦግራፊው ሣቀ። «ቁጥሩን አጋድመሽ ልታስተኚው ነው?» አለ። ሰዎች ሣቁ። ሙቀት በሆነ ቁጥር ለሣቅ የሚያስፈልገው ነገር ያንሳል።

አቶ ተክለጻድቅ ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ክንፈ፣ እርስዎ የኮሌጅ ሰው ነዎት። የቱ ነው ትክክሉ? ቁልቁሉ ነው አግድሙ?»

«ሁለቱም ትክክል ነው» አልኩ።

እውነቴን ነው። ሁለቱም ትክክል ነው። ቁልቁል የተካፈለው አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ አግድም የተካፈለው ሌላ ጥያቄ ይመልሳል። የትኛው ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት ማንም አልጠየቀኝም። ያልተጠየቀ ነገር መመለስ ደግሞ ጉራ ይሆናል።

«እንግዲህ ባለሙያው ትክክል ነው ብለዋል» አሉ ዲሬክተሩ።

ያን ጊዜ ብድግ አለች። ስለ እኔ ክፍል አንድ ነገር ተናገረች፤ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ስለሌለው እዚህ አልጻፍኩትም። አቶ ተክለጻድቅ በትሩን ጠረጴዛ ላይ መቱ። «ራስሽን ተከላከይ እንጂ ሰው አትንኪ! እዚህም ስድብ ልትጀምሪ ነው?»

«ስድብ አይደለም፤ ማካፈል ነው! ይህንን ቁልቁል አካፍል ያለውስ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከመቶ ይግባበት አልኩ፤ የቀረውን እንዳሻዎት ያድርጉት ብያቸዋለሁ።»

ሁሉም አየኝ። የሰውዬው ትውስታ በሙቀቱ ሳይጎዳ አልቀረም። ዕድሜያቸውን አስቤ አላረምኳቸውም።

ስንወጣ እቴናት አጠገቤ ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሂድ እጅህን ታጠብ» አለችኝ። በአሰብ ውሃ በቦጤ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሳምንት ራሱ ሳይመጣ ቀርቷል።

ግንቦት 15

ጭንቅላት ያመኛል። ሁለቱም ትክክል ነው። አሁንም በሌላ ወረቀት ሠራሁት። ሁለቱም ትክክል ነው።

ግንቦት 23

የቀትር በኋላው ዕረፍት። ሰሌን ላይ ተጋድሜ የኤሌክትሪክ ማራገቢያዬን፣ ቬንቲላቶሬውን፣ ወደ ፊቴ አዙሬ አነባለሁ። አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩ። ከግድግዳው ማዶ ታደለች ታስላለች፤ እናቷ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታደርግላታለች። በረዶው ሲቀልጥ ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ይሰማል።

ከዚያ የእቴናት ድምፅ መጣ፤ ከዚያው ከግድግዳው ማዶ ሆና፣ ሳትጮኽ።

«ክንፈ። እንደማትተኛ አውቃለሁ።»

ገጹን እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

«ሳኒ ወረቀት አሳየኝ። አራት ሳጥን። ለተምሩ ጠበቃ ቆመህለት አሉ።»

ገጹን ገለበጥኩ፤ እንዲሰማት አይደለም፣ ስለጨረስኩት ነው።

«ሱቁን አላዘጉበትም፤ መምህር ክንፈ አስረድቶልኝ ነው ይላል፤ ዱዓ ያደርግልሃል። እኔ ስለ ተምር ያልከውን ብቻ ስለ ልጅ ድገመው ነው የምልህ። አቶ ተክለጻድቅ ቢሮ ግባና ያንን ወረቀት አሳያቸው። ሌላ ምንም አትጨምር።»

ቬንቲላቶሬውን ወደ ሁለተኛው ማርሽ አደረስኩት። ድምፅ ያበዛል። ሙቀቱ ግን የሚቻል አልነበረም።

ግንቦት 24

ልነግራቸው ቆርጫለሁ። ሰው የምፈራ እንዳይመስላት።

ግንቦት 26

አቶ ተክለጻድቅ ቢሮ ገባሁ። አራት ሳጥኑን በኪሴ ይዤ ነበር። «ይግቡ ይግቡ! አሁን ስለ እርስዎ እየጻፍኩ ነበር» አሉ። ምን እንደሚጽፉ አልጠየቅኩም፤ እሳቸው ግን ወረቀቱን እኔ እንዳነበው አድርገው አዙረው አስቀመጡት። «ሚዛናዊ» የሚል ቃል አየሁ። «በነገር የማይገባ» የሚልም።

ምን ፈልገው ነው? አሉኝ።

ጠመኔ አልቋል አልኳቸው።

በእርግጥም አልቋል። በክፍል ሐ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቁራጭ ናት። ይህንን ችግር ቀደም ብዬ ማሳወቅ ነበረብኝ፤ በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ።

ሰኔ 3

ደረሰ። ደሴ፦ ክንፈ። ደባይሲማ፦ እቴናት።

ሰዎች እጄን ጨበጡኝ። ጂኦግራፊው «ዕድለኛ!» አለኝ። ዕድል ሌላ የሒሳብ ምዕራፍ ነው፤ እዚህ አልገባም።

እቴናት አልጮኸችም፤ እንድትጮኽ ጠብቄ ነበር። ከተሰናበቱን በኋላ ሠንጠረዡ ፊት ቆማ ላብ ያጠፋውን ቦታ በጣቷ ነካችው። «ምነው ጠብታዋ ይህችን ቁጥር ብቻ መረጠች?» አለች። ለማን እንዳለች አልታወቀም። በክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኔ 7

አለቃ ሰዳቢ ናት። ይህ ፋይሏ ላይ አለ። አሁን የተላከችው በዚያም ጭምር ይሆናል። የእኔ ሠንጠረዥ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙ ምክንያት ባለበት አንዱን ነጥሎ መውቀስ እንደማይገባ ራሷ እቴናት ታስተምራለች።

ካፖርቴን ብል አልበላውም።

ሰኔ 12

ሳኒ ጋ በረዶ ልገዛ ሄድኩ። «የለም» አለኝ። በረዶውን ከሚሸፍንበት ጆንያ ስር ውሃ ይንጠባጠባል። «ለታደለች ተይዟል» አለ። ሻይም አላቀረበልኝ። ባለፈው የሰጠሁትን ወረቀት ግድግዳው ላይ በምስማር መትቶታል፤ ስወጣ አየሁት። ጽሕፈቴ በእርግጥ ያምራል።

ሰኔ 19

ወደ ደባይሲማ የሚሄደው ካሚዮን ጎሕ ሳይቀድ መጣ። እቴናት ዕቃዋን ራሷ ጫነች፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ሣጥን፣ የልጅ ድስትና ኩባያ። አባተ አገዛት። ታደለች ፊቷ ላይ እርጥብ ነጠላ ጣል ተደርጎባት ጋቢናው ውስጥ ተኝታለች። ነጠላው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፈጠን ብሎ ነው የሚለው።

ቬንቲላቶሬዬን ይዤ ወጣሁ። ለደሴ አያስፈልገኝም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ጣሊያን የሠራው፣ ሦስት ማርሽ ያለው።

«ለልጅቷ ይሁን» አልኳት።

አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሳትቆጣ ነው ያናገረችኝ፤ ክፍል ውስጥ ደካማ ተማሪ እንደምታናግረው።

«ደባይሲማ መብራት የለም፣ ክንፈ።»

ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። ቬንቲላቶሬውን አቅፌ አጥሩ ጥግ ቆየሁ። ሰው ቢያየኝ ልሸጥ የወጣሁ ይመስለው ነበር።

ሰኔ 20

ግድግዳው ዝም አለ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር።

ሰኔ 22

ጓዜን ጠቀለልኩ። የአስተማሪዎች ክፍል ተጠርጎ ሊዘጋ ስለሆነ አባተ ሠንጠረዡን ነቀለው። ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ለመስኮቱ ሊያደርገው ፈልጓል፣ አሸዋ ይከለክልለታል። አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተና መርቆ ተሰናበተኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ግን ጠራኝ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወደ አሰብ የሚልኩት የሰረቀ ወይ የሰደበ ነው። ከአሰብ ወደ ደሴ የሚልኩትስ ምን ያደረገ ነው?»

ለማሾፍ አልነበረም። ማወቅ ፈልጎ ነው። በሒሳብ ነው የሚወሰነው አልኩት፤ በቁጥር። «እንዲህ ነው?» አለና ራሱን ነቀነቀ። የተማረ ሰው የነገረውን ያምናል።

መኪናው ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ይህንን የምጽፈው ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ነው። ሠንጠረዡ ስለተነቀለ፣ ላቤም ከአሥራ ሁለቱ የወደቁ ልጆቼ ጎን ያለውን «ያለፈ» ስላጠፋው፣ ለማስታወሻ ያህል እዚህ ልጻፈው።

ክፍል ሐ ሃያ ተማሪ ነበረው።